ሰባት ቤት ቈጠራና የዘር ምርመራ

«ዘር ከልጓም ይስባል» ሲሉ አበው የተረቱት ያለ ምክንያት አይደለም። በሀገራችን ሰው ስሙን ሲጠየቅ የአባቱንና የአያቱን ስም አስከትሎ መናገሩ፤ ልጅና ልጅ ከመተጫጨታቸው በፊት ሽማግሎች ተቀምጠው ሰባት ቤት መቍጠራቸው፤ ርስት ጠያቂ የነበረ ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ ከአቅኚው አባት አንሥቶ እስከ ራሱ ድረስ ያለውን ሐረግ ሳይደናቀፍ መዘርዘሩ፤ ይህ ሁሉ ትውልድ መቍጠር በኛ ዘንድ የጨዋታ ማድመቂያ ብቻ ሳይሆን የጋብቻና የመሬት ሕግ ሆኖ መኖሩን ያስረዳል። በሌላው ዓለም ደግሞ ዛሬ ሰው ትውልዱን ለማወቅ ሲፈልግ ምራቁን በትንሽ ብልቃጥ አጠራቅሞ ወይም ጉንጩን በጥጥ ጠርጎ በፖስታ ይልካል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም መልስ ይደርሰዋል። እነዚህ ሁለት መንገዶች፤ ማለት የሽማግሎች ቈጠራና የላቦራቶሪ ምርመራ፤ በአንድ ጉዳይ ላይ ሲገናኙ ምን ይሆናል? ከምርመራዎቹስ መካከል የትኛው ለየትኛው ጥያቄ ይበጃል? በዚህ ጽሑፍ የአዊን ሀገር መነሻ አድርገን የደረስንበትን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል።

ነገሩን እንድንመረምር ያስገደደን በዳንግላ ከተማ የተደረገ ሽምግልና ነው። ወላጆቹ በእንጅባራ የሚኖሩ፤ ራሱ ግን በአሜሪካ ሀገር በሥራ ላይ ያለ አንድ ዘመዳችን የዳንግላ ልጅ ለማግባት ፈልጎ ሽማግሌ ላከ። ሁለቱም ወገኖች ደስ ብሏቸው ቈጠራው ሲጀመር፤ ከልጅቱ ወገን የሆኑ አንድ አዛውንት «ቆዩ እንጂ፤ በሴት በኩል የሚገናኙ ይመስለኛል፤ ሰባት ቤት አልሞላም» ብለው ተናገሩ። ሌላው ሽማግሌ «ሞልቷል» አሉ። ክርክሩ ሳይፈታ መሸ። ዘመዳችን ነገሩን በስልክ ሲሰማ፤ «ይህማ ቀላል ነው፤ የዘር ምርመራ አለ። እኔም እሷም እንመርመር፤ ዘመድ ከሆንን ይነግረናል። ብቻ የምርመራው ዓይነት ብዙ ስለ ሆነ የትኛውን እንደምገዛ ንገሩኝ» ሲል መለሰ። ሽማግሎቹም እርስ በርሳቸው ተያይተው፤ «እናንተ ከወረቀት ጋር የምትውሉ ናችሁ፤ አንብባችሁ ንገሩን» በማለት ጉዳዩን በኛ ላይ ጣሉት። የሁለት ሳምንት ቀጠሮም ተያዘ። ያን ጊዜ መልሱ ለኛም ቀላል መስሎን ነበር።

ሦስቱ የምርመራ ዓይነቶች

ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው በሰው ሕዋሳት ውስጥ የሚገኝ የውርስ ጽሕፈት ነው። በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም መጽሐፍ ነው ብንል ከነገሩ አንርቅም። መጽሐፉ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ትለወጣለች፤ ለውጧም ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። አንድ የቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ የዘለላት ቃል ከርሱ ቅጂ በተገለበጡት መጻሕፍት ሁሉ ተዘልላ እንደምትገኝና ሊቃውንትም ያችን ስሕተት ተከትለው የትኛው ብራና ከየትኛው እንደ ተቀዳ እንደሚያውቁ፤ የዘር መርማሪዎችም የፊደልን ለውጥ ተከትለው የትኛው ቤት ከየትኛው እንደ ወጣ ይመረምራሉ። ይሁን እንጂ የሚመረመረው የመጽሐፉ ክፍል አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሦስት ነው።

አንደኛው የአባት መስመር ምርመራ ነው። ዋይ ክሮሞዞም የሚባለው ክፍል ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ስለሚተላለፍ፤ ወንድ ልጅ የአባቱን፤ የአባቱን አባት፤ የአያቱንም አባት መስመር ብቻ ይዞ ይገኛል። ሴት ይህ ክፍል የላትም፤ የአባቷን መስመር ለማወቅ የፈለገች እንደ ሆነ አባቷን፤ ባባት የሚገናኛትን ወንድሟን ወይም የአባቷን ወንድም ማስመርመር አለባት።

ሁለተኛው የእናት መስመር ምርመራ ነው። ማይቶኮንድሪያ በተባለው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ያለው 16,569 ያህል ፊደላት ያሉት አጭር ጽሕፈት ከእናት ወደ ልጆቿ ሁሉ ይተላለፋል፤ ወደሚቀጥለው ትውልድ የሚያሻግሩት ግን ሴቶች ልጆች ብቻ ናቸው። ይህ ጽሕፈት ቶሎ ቶሎ ስለማይለወጥ ሁለት ሰዎች ፍጹም ተመሳሳይ ሆነው ቢገኙም የጋራ እናታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበረች ልትሆን ትችላለች።

ሦስተኛው አውቶሶማል የሚባለው ነው። ይህ ከአባትም ከእናትም እኩል በሚወረሱት 22 ጥንድ ክሮሞዞሞች ላይ የሚደረግ ሲሆን፤ በየአቅጣጫው ያሉትን የቅርብ ዘመዶች ሁሉ ይነካል። አንሴስትሪና ማይ ሄሪቴጅ የተባሉት ኩባንያዎች የሚሸጡት በተለይ ይህን ነው፤ ፋሚሊ ትሪ ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው ግን ሦስቱንም ለየብቻ ይሸጣል። በዋጋ ረገድ አውቶሶማሉ ርካሽ፤ ጥልቅ የሆነው የአባት መስመር ምርመራ ውድ ነው። ብዙ ሰው ርካሹን አይቶ የሚገዛውና መልሱ ከጥያቄው ጋር አልገጥም ሲለው ገንዘቡን የሚጸጸተውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ምርመራው ሰባተኛውን ቤት ያያልን?

ከዚህ ቀጥለን የሽማግሎቹን ጥያቄ በቍጥር እንመልከተው። ወንድምና እኅት አንድ ቤት ናቸው፤ ባንድ አያት የሚገናኙት ሁለት ቤት፤ ባንድ ቅድመ አያት የሚገናኙት ሦስት ቤት፤ እንዲህ እያለ ሰባት ቤት የሚሞላው በሰባተኛው ትውልድ ላይ ነው። ወላጆቻችን 2፤ አያቶቻችን 4፤ ቅድመ አያቶቻችን 8 ናቸው፤ በየትውልዱ እጥፍ እየሆኑ ሲሄዱ በሰባተኛው 128 ይሆናሉ። ከነዚህ ከ128ቱ መካከል የአባት መስመር ምርመራ የሚያውቀው አንዱን አባት፤ የእናት መስመር ምርመራ የሚያውቀው አንዲቱን እናት ብቻ ነው። የቀሩት 126ቱ ከሁለቱም ዕይታ ውጭ ናቸው። የዳንግላው ጥርጣሬ ደግሞ አንድ ጊዜ በወንድ አንድ ጊዜ በሴት እየተቀያየረ በሚወጣ ሐረግ ላይ ስለ ነበረ፤ ሁለቱ ምርመራዎች ለዚህ ጉዳይ እንደማይረዱ ወዲያው ተረዳን።

የቀረን አውቶሶማሉ ነበር። ባንድ አያት የሚገናኙ ሁለት ሰዎች በአማካይ 12.5 በመቶ የሚሆን የጋራ ውርስ አላቸው። በሦስት ቤት 3.1 በመቶ፤ በአራት ቤት 0.8 በመቶ፤ በአምስት ቤት 0.2 በመቶ ይሆናል። በሰባት ቤት የሚገናኙት ግን ከመቶ አንድ መቶኛ ብቻ፤ ማለት 0.01 በመቶ ያህል ነው የሚደርሳቸው። ይህም አማካይ ነው እንጂ ለያንዳንዱ ሰው የሚታደል አይደለም፤ ውርሱ የሚተላለፈው በቍራጭ በቍራጭ ስለ ሆነ አንዱ ሲደርሰው ሌላው ባዶውን ይቀራል። በአራት ቤት ከሚገናኙት ከ10 ጥንዶች አንዱ ያህል፤ በአምስት ቤት ከሚገናኙት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ምንም የሚታይ የጋራ ቍራጭ የላቸውም። በሰባት ቤት ላይ አብዛኛዎቹ እውነተኛ ዘመዶች በምርመራው ፊት ባዕድ ሆነው ይታያሉ።

እንግዲህ ምርመራው «ዝምድና አልተገኘም» የሚል ወረቀት ቢያመጣ ምን ማለት ይሆናል? በቅርብ አይገናኙም ማለት ነው እንጂ ሰባት ቤት ሞልቷል ማለት አይደለም። ይህን ባናጣራ ኖሮ ያ ወረቀት በሽማግሎች ፊት እንደ ማስረጃ ቀርቦ፤ ጥያቄው ሳይመለስ እንደ ተመለሰ ተቈጥሮ፤ ቤተሰቦቹ ምናልባት ለዘመናት የሚቈይ ቅሬታ ይዘው ይለያዩ ነበር። የሽማግሎች አፍ ከላቦራቶሪው መሣሪያ ይልቅ ሁለትና ሦስት ቤት አልፎ እንደሚሄድ ስንረዳ፤ እውነቱን ለመናገር፤ እኛም ተደነቅን።

የሰባቱ ወንድማማቾች ጥያቄ

ዘመዳችን ግን ሌላም ጥያቄ ነበረው። «የኔ ቤት ባንጃ ነው፤ ባንጃ ከነአንከሻ ጋር በእውነት ወንድም ነውን?» ሲል በዚያው ስልክ ጠይቆን ነበር። ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

የአዊ ሽማግሎች እንደሚናገሩት ከላስታና ከሰቆጣ በኩል ሰባት ወንድማማቾች ተነሥተው ወደ ጎጃም መጥተው ምድሪቱን ተካፈሉ። አንከሻ፤ አዘና፤ ባንጃ፤ ቻራ፤ ኳኩራ፤ መተከልና ዚገም የሚባሉት ሰባቱ ቤቶች በነርሱ ስም ይጠራሉ፤ «ሰባት ቤት አገው» የሚለው ስያሜም ከዚህ የመጣ ነው። ከነዚህ ስሞች ባንጃ፤ አንከሻና ዚገም ዛሬም በአዊ ወረዳዎች ስም ውስጥ ይገኛሉ፤ መተከል ደግሞ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል የዞን ስም ሆኗል። በኤርትራ በከረን አካባቢ ከሚኖሩት የአገው ወገን ከሆኑት ቢለኖች መካከልም አባቶቻቸው ከላስታ እንደ ወረዱ የሚናገሩ አሉ።

ይህን ትውፊት የቋንቋ ጥናት በሌላ ገጽ ያሳየናል። በአዊ የሚነገረው አውንጊኛና በዋግ የሚነገረው ኽምጣንጋ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸው፤ ነገር ግን የቋንቋ ሊቃውንት አውንጊኛን ከአገው ቋንቋዎች ሁሉ ይበልጥ የተለየ ቅርንጫፍ አድርገው ይቈጥሩታል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይን ባየበት ጕዞው የመኃልየ መኃልይን መጽሐፍ በዳሞት አገው ቋንቋ አስተርጕሞ ስለ ወሰደ፤ ቋንቋው በዚያ ዘመን ራሱን የቻለ እንደ ነበረ በጽሑፍ ታውቋል። ሁለት ቋንቋዎች ይህን ያህል ለመራራቅ ረጅም ዘመን ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ ግምት ይቀርባል፤ ሰባቱ ወንድማማቾች ወደ ባዶ ምድር አልመጡ ይሆናል፤ ከነርሱ በፊት በሀገሩ ይኖር በነበረ የአገው ሕዝብ መካከል ገብተው፤ አግብተውና አስተዳድረው፤ ስማቸውን ለምድሪቱ ሰጥተው ይሆናል። ግምቱ እውነት ከሆነ የአባት መስመርና የእናት መስመር የተለያየ ታሪክ መናገር አለባቸው ማለት ነው።

እንግዲህ ለዚህ ጥያቄ አውቶሶማሉ አይረባም፤ ዘመኑ ሩቅ ነውና። የሚያስፈልገው የአባት መስመር ምርመራ ነው፤ የእናቱም ለማነጻጸር ይጠቅማል። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን ቢመረመር የሚያገኘው ጥቅም የለም። ወንድማማችነት ንጽጽር ይፈልጋል። ከሰባቱም ቤቶች፤ ከያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት ሁለት፤ በሩቅ የሚገናኙና ከአባት ወደ አባት ብቻ የሚቈጥሩ ወንዶች፤ ይኸውም 14 ሰዎች ያስፈልጋሉ። ሁለት ሁለት ማለታችን ከአንዱ ቤት የተመረጠው ሰው በመካከል በሴት ወይም በማደጎ የገባ እንደ ሆነ በሌላው እንዲታረም ነው። ከሰቆጣና ከላስታም ሰዎች ቢጨመሩ የመጡበት መንገድ ይፈተናል።

የምርመራው ጥልቀትም ሊታሰብበት ይገባል። ለዚህ ከደቡባዊ አፍሪካ የሌምባ ሕዝብ የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። ሌምባዎች አባቶቻቸው ከሰሜን፤ ከባሕር ማዶ፤ እንደ መጡና የእስራኤል ወገን እንደ ሆኑ ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጥናት ቡባ በተባለው ነገዳቸው ወንዶች ላይ በአይሁድ ካህናት ዘንድ የሚበዛ የዋይ ክሮሞዞም ምልክት ተገኘ፤ ዜናውም በዓለም ተሰማ። በ2013 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ብዙ ምልክቶችን ጨምረው ሲያዩት፤ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣ የአባት መስመር መኖሩ ቢታይም የአይሁድ ብቻ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኙም። ጥቂት ምልክቶችን የሚያይ ምርመራ ሩቁን ዘመድ ከቅርቡ አይለይም። በኛም ሀገር አንድ ሰው «የአባትህ መስመር ኢ1ቢ1ቢ ነው» የሚል መልስ ቢደርሰው ይህ ከአፍሪካ ቀንድ እስከ ሰሜን አፍሪካና ሜዲትራንያን ዳርቻ ድረስ በሚገኙ ሚሊዮኖች ዘንድ ያለ፤ ዕድሜውም ከ20 ሺህ ዓመት የሚበልጥ መስመር ስለ ሆነ፤ ባንጃን ከዚገም ለመለየት ምንም አይጠቅመውም። በ111 ምልክቶች ወይም ከዚያ በሚጠልቀው ምርመራ መጀመር የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ሰባቱ ቤቶች በአንድ አባት የማይገናኙ ሆነው ቢገኙስ? ትውፊቱ ሐሰት ሆነ ማለት ነውን? እኛ አይመስለንም። ብዙ ሕዝቦች የሰላምና የጋራ መከላከያ ቃል ኪዳናቸውን በወንድማማችነት ስም ይናገራሉ። ቃል ኪዳን ደግሞ በምራቅ ውስጥ አይታይም።

ደም የማያሳየው ዝምድና

ይህም ወደ ዋናው ነገር ያደርሰናል። የዘር ምርመራ የሚያውቀው ሥጋዊ ውልደትን ብቻ ነው፤ የኛ የትውልድ ቈጠራ ግን ከዚያ የሰፋ ነው። አለን ሆበን የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር በጎጃም በዳሞት ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ሲያወጡ እንዳስረዱት፤ ርስት ከአቅኚው አባት የሚወርደው በወንድም በሴትም በኩል ነበር፤ አንድ ሰው ከአባቱም ከእናቱም ወገን በብዙ አቅጣጫ ርስት ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ሴቶች አያቶችን መርሳት መሬትን መርሳት ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ሲታወጅ ያ ክርክር ከችሎት ወጣ፤ ቈጠራውንም ይዘው የነበሩት አዛውንት ጠያቂ እያጡ ሄዱ። የአባት መስመር ምርመራን ብቻ የሚያምን ሰው ከነዚህ እናቶች አንዲቱን እንኳ አያገኝም።

የጡት ልጅም አለ። ልጅ የሌለው ወይም ዝምድናን ማጥበቅ የፈለገ ሰው የሌላውን ልጅ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አጥብቶ ልጁ ያደርገዋል፤ ከዚያ ቀን በኋላ አባት አባት ነው፤ ልጅም ልጅ ነው። ከሦስት ትውልድ በኋላ ማን በጡት ማን በማሕፀን እንደ ተወለደ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ምርመራ በዚህ ቤት ውስጥ ሲገባ ያልተጠራ እንግዳ ሆኖ ይገባል፤ ምሥጢርም ያወጣል።

ይህ በኛ ብቻ የሚደርስ አይደለም። የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ አፅም እ.ኤ.አ. በ2012 በሌስተር ከተማ ከመኪና ማቆሚያ ሥር ተቈፍሮ በወጣ ጊዜ፤ የእናት መስመሩ ከእኅቱ ከአን በሴት በኩል ከተወለዱ በሕይወት ካሉ ሰዎች ጋር ስለ ገጠመ ማንነቱ ታወቀ። የአባት መስመሩ ግን በወንድ ወገን ዘመዶቹ ከሚባሉት ጋር አልገጠመም። በ2014 የወጣው ጥናት እንደሚያስረዳው፤ በመቶዎች በሚቈጠሩት ዓመታት መካከል በአንድ ስፍራ የተጻፈው አባትና የወለደው አባት የተለያዩ ሆነዋል። በመዝገብ የተጻፈ የመኳንንት ትውልድ እንዲህ ከሆነ፤ ማንም ቤት «በኔ አይደርስም» ሊል አይችልም። ስለዚህ ምራቁን ለመላክ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል፤ ያልጠበቅሁት መልስ ቢመጣ በሕይወት ያሉት አባቴና እናቴ ምን ይሆናሉ? ምሥጢሩ የኔ ብቻ ነውን?

ስለ መቶኛው ስሌት

ብዙዎችን ወደ ምርመራው የሚስባቸው «ይህን ያህል በመቶ እንዲህ ያለ ወገን ነህ» የሚለው ሠንጠረዥ ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው የተመርማሪውን ውርስ ኩባንያው በእጁ ካሉት የናሙና ሰዎች ጋር በማመሳሰል ነው። ናሙናው ከሌለ ስሙም የለም። ስለዚህ የአዊ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው «ኢትዮጵያና ኤርትራ» የሚል ሰፊ ስም ነው፤ ይህን ደግሞ ገንዘብ ሳይከፍል ያውቀው ነበር።

ከኩባንያዎች ሠንጠረዥ ይልቅ የሚታመነው በተመራማሪዎች የተደረገው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት ከ68 ብሔረሰቦች የተወለዱ 1,214 ኢትዮጵያውያንን አነጻጽሮ፤ የውርስ መመሳሰል በአጠቃላይ የቋንቋን ዝምድና እንደሚከተል፤ ነገር ግን ቋንቋቸው የተለያየ ሕዝቦችም በቅርብ ዘመን በመጋባታቸው በውርስ እጅግ ተመሳስለው እንደሚገኙ አሳይቷል። ቋንቋና ደም አብረው ይሄዳሉ፤ ግን ባንድ ቀንበር አልተጠመዱም። በመቶኛ ወረቀት ተመርኩዞ አንዱ ሌላውን «አንተ ከኛ አይደለህም» ለማለት የሚቃጣ ሰው ካለ፤ ወረቀቱ ይህን የማለት ሥልጣን እንደሌለው ሊያውቅ ይገባል።

እንግዲህ የትኛው ይመረጥ?

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ የሚጠቀለለው በአንድ ቃል ነው፤ ከምርመራው በፊት ጥያቄው ይመረጥ። ጥያቄው የወንድ ሐረግ ወንድማማችነት ከሆነ ጥልቅ የአባት መስመር ምርመራ ከብዙ ሰዎች ጋር፤ የእናት እናት ሐረግ ከሆነ የማይቶኮንድሪያው ሙሉ ምርመራ ይመረጣል። ጥያቄው የጠፋ የቅርብ ዘመድ ፍለጋ ከሆነ ግን ከአውቶሶማሉ የሚበልጥ የለም። ይህ የመጨረሻው ለብዙ ወገኖቻችን የጨዋታ ነገር አይደለም። ለውጭ ሀገር ዜጎች የሚሰጠው ጉዲፈቻ በጥር 2010 ዓ.ም. በሕግ እስኪቋረጥ ድረስ ብዙ ሺህ ልጆች ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደዋል፤ ከነርሱም አድገው እናታቸውን የሚፈልጉ አሉ። እናትና ልጅ ግማሽ በግማሽ ውርስ ስለሚጋሩ ሁለቱ በተመረመሩ ጊዜ መልሱ ጥርጣሬ የለውም። የሚያስቸግረው በሀገር ቤት ያሉት ወገኖች ስላልተመረመሩ የሚነጻጸር መጥፋቱ ነው። ቤተሰቡ ሊመረመር ከወሰነም አስቀድመው የሚመረመሩት አዛውንቱ ይሁኑ፤ አያት ሲመረመሩ የልጅ ልጁ ሁለት ቤት ወደ ኋላ ተሻገረ ማለት ነውና።

ስለ አደራውም መርሳት አይገባም። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፤ የዘር ጽሕፈት ግን አይለወጥም፤ የአንዱ ጽሕፈት ደግሞ የወንድሞቹና የልጆቹም ነው። ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ ከተባለው ታላቅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ደንበኞች መረጃ በሌቦች እጅ ገባ፤ ኩባንያውም በመጋቢት 2025 ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። በሀገራችን የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ይሁን እንጂ ብልቃጡ ባሕር ከተሻገረ በኋላ ሕጋችን ተከትሎ መድረሱ ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ውሉን ሳያነቡ መፈረም፤ ይልቁንም ማንበብ የማይችሉ አዛውንትን ሳያስረዱ ማስመርመር፤ ነውር ነው።

ቀጠሮው ደርሶ ወደ ዳንግላ በተመለስን ጊዜ ይህን ሁሉ በአጭሩ ለሽማግሎቹ አስረዳን። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና ከመካከላቸው አንዱ «እንግዲያው የተረሳ ሰው አለ» አሉ። የተረሱት የልጅቱ አያት እኅት የሆኑ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚኖሩ እማሆይ ነበሩ። በመጀመሪያው ጉባኤ ማንም አልጠራቸውም ነበር። ሁላችንም ሄድን። እማሆይ መቍጠሪያቸውን ይዘው፤ በያንዳንዱ ፍሬ ላይ አንድ ስም እያስቀመጡ፤ ወንዱንም ሴቱንም ቈጠሩ። አንዲት ስም ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው፤ «እሷስ በማሕፀን አልተወለደችም፤ የጡት ልጅ ነበረች። እናቴ ነግራኛለች» አሉ። ከሽማግሎቹ አንዱ «ታዲያ በደም አይገናኙማ፤ አለቀ» ሲሉ እማሆይ ቀና ብለው፤ «የጡት ልጅ ልጅ አይደለም ያለው ማነው ልጄ? ይቈጠር!» ብለው ገሠጹ። ተቈጠረ። ሰባቱ ሞልቶ በስምንተኛው ቤት ላይ ተገናኙ። ጋብቻውም ጸደቀ።

ዘመዳችንና ያጫት ልጅ ተመርምረው ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ «አልተገኘም» ይል ነበር፤ ሐረጉ ከመሣሪያው ዐቅም በላይ ስለራቀና በመካከሉም የደም መቋረጥ ስላለ። ከሁለቱ አንዱንም ምክንያት ግን አይነግረንም ነበር። እማሆይ ሁለቱንም ነገሩን። እኛም በዚያው ተቀምጠን ስሞቹን በደብተር ጻፍናቸው፤ የወንዱን በወንድ፤ የሴቷን በሴት፤ የጡቷንም በጡት ለይተን።

ዘመዳችን ስለ ባንጃ የጠየቀውን አልተወውም። አባቱ ነገሩ ተብራርቶላቸው ስለ ፈቀዱ የ111 ምልክቱን የአባት መስመር ምርመራ አዟል። የአንድ ሰው መልስ ብቻውን ዝም ያለ ነው፤ ከሌሎቹ ስድስት ቤቶች ጎን ሲቆም ግን ይናገራል። መምህራንና ተማሪዎች በእንጅባራ፤ በዳንግላና በቻግኒ በየአዛውንቱ ቤት እየሄዱ የየቤቱን ሐረግ ቢጽፉ፤ ምርመራው በሚመጣበት ቀን የሚነጻጸርበት መዝገብ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ላቦራቶሪው ነገም ከነገ ወዲያም ይሻሻላል፤ ዋጋውም ይረክሳል፤ ብልቃጡም ሊቈይ ይችላል። የእማሆይ መቍጠሪያ ግን አይቈይም። ስለዚህ ከብልቃጡ በፊት ደብተሩ ይቅደም እንላለን።